የሚከራይ ቤት ሪፋይናንስ፦ 80,000 ዶላር ለማውጣት የትኛው ያዋጣል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ የማከራየው ታውንሃውስ አለኝ። ግምቱ 480,000 ዶላር፣ ቀሪ ዕዳው 260,000፣ ወለዱ ከ2021 ጀምሮ 3.25 ፐርሰንት ፊክስድ ነው። ኪራዩ በወር 2,900። ለሁለተኛ ቤት ቅድመ ክፍያ 80,000 ላወጣ ነው፤ ባንኩ በ7 ፐርሰንት ካሽ አውት ሪፋይናንስ (ነባሩን ብድር በትልቅ አዲስ ብድር ዘግቶ ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ መውሰድ) አቀረበልኝ። ልፈርም?

መልስ 1
እባክዎ አይቸኩሉ። 7 ፐርሰንቱ የሚያርፈው በሚያወጡት 80,000 ላይ ብቻ አይደለም፤ በነባሩ 260,000 ላይም ነው። የዚያ የ3.75 ልዩነት በዓመት ወደ 9,750 ይጠጋል፤ የ80,000ው ወለድ 5,600 ሲታከልበት 15,350 ይሆናል። ይህ 80,000ውን በ19 ፐርሰንት መበደር ማለት ነው!

ነባሩን ሞርጌጅ ሳይነኩ ሆም ኢኩዊቲ ሎን (ቤቱን አስይዘው አንዴ የሚወስዱት ሁለተኛ ብድር) ወይም ሄሎክ (በቤቱ ዋስትና እስከ ተወሰነ ጣሪያ ሲፈልጉ የሚያወጡት ብድር) ቢወስዱ፣ ወለዱ 10 ፐርሰንት እንኳ ቢሆን በዓመት 8,000 ነው። ብዙ ባንኮች ለሚከራይ ቤት አይሰጡም፤ ክሬዲት ዩኒየኖችን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋማትን) ይጠይቁ። ኪራይ ቤት መሆኑን ገና ሲደውሉ ይንገሯቸው፣ አለዚያ የአፕሬይዛል (የቤት ግምት) ክፍያ ከፍለው ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ። «እኔ ነኝ የምኖርበት» ብሎ መፈረም ግን በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

መልስ 2
ካሽ አውት የግድ ከሆነ፦ የፋኒ ሜ (ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ትልቅ ድርጅት) የብድር ጣሪያ ለአንድ ዩኒት ኪራይ ቤት የግምቱ 75 ፐርሰንት ነው፣ እዚህ 360,000። የሚዘጋው ብድር 12 ወር የሞላው መሆን አለበት። የ6 ወር ክፍያ መጠባበቂያም ይጠየቃሉ።

የታክስ ወረቀትዎ ገቢ አነስተኛ ካሳየ፣ ከግል ገቢዎ ይልቅ ኪራዩ ክፍያውን መሸፈኑን የሚያይ ዲኤስሲአር የሚባል ብድር አለ። ግን 340,000 (ነባሩ 260,000 እና 80,000ው) በ7 ፐርሰንት ለ30 ዓመት በወር 2,262 ነው፤ ታክስ፣ ኢንሹራንስና ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ) 650 ቢሆኑ ድምሩ 2,912። ኪራዩ አይሸፍነውም፤ አብዛኛው አበዳሪ ወይ ብድሩን ይቀንሳል ወይ ወለዱን ይጨምራል። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ይጠይቁ፤ በመጀመሪያው ዓመት 5 ፐርሰንት፣ ከዚያ በየዓመቱ በ1 እየቀነሰ የሚሄድ ውል የተለመደ ነው።

መልስ 3
በታክስ በኩል፦ የሚወጣው ብር ገቢ አይደለም፣ ታክስ አይከፈልበትም። ወለዱ ከየትኛው ኪራይ ላይ እንደሚቀነስ የሚወስነው ግን ገንዘቡ የዋለበት ነገር ነው። ስለዚህ ከቤት ወጪ ሂሳብዎ ጋር ሳይቀላቀል በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ቤት ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ) ይላክ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ሄሎኩን ቤቱን ከማግኘቴ በፊት ልክፈተው?

መልስ 1
ይክፈቱት፤ ወለድ የሚታሰበው ባወጡት ላይ ብቻ ነው። ወለዱ ከፕራይም ሬት (ባንኮች መነሻ ከሚያደርጉት የወለድ ተመን) ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል ይወቁ። የአዲሱ ቤት አበዳሪም የሄሎኩን ወርሃዊ ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጥርብዎታል፤ ከማመልከትዎ በፊት ያሳውቁት።