ለ5 ቶን ክሬን መሄጃ ቢም፦ እጄ ላይ ያለው ባለ 300 ብረት ይበቃኛል?

የሶደሬ መንገድ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ተሳቢና ካሶኒ የምንሠራበት ጋራዥ አለኝ። እስከ ዛሬ ሻንሲ የምንገለብጠው በሰው ጉልበትና በሰንሰለት ነው። ባለፈው ወር አንዱ ልጅ እግሩ ላይ ሊወድቅበት ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሻንሲ በተነሳ ቁጥር ልቤ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ 50 ኩንታል የሚያነሳ ክሬን ለማስገባት ወስኛለሁ፣ ባለ አንድ ግርደር (አግዳሚ ተሸካሚ ብረት)፣ በሪሞት የሚሠራ።

ዝርዝሩ ይሄ ነው። ከግራ ሃዲድ እስከ ቀኝ ሃዲድ 12 ሜትር። የመሄጃው፣ ማለት ክሬኑ የሚሄድበት ሃዲድና ከሥሩ ያለው ቢም፣ ርዝመት 24 ሜትር። የሼዱ ኮለኖች በየ6 ሜትሩ ናቸው። ከሃዲድ ሃዲድ የሚዘረጋው የክሬኑ ድልድይ 3 ቶን፣ በድልድዩ ላይ እየሄደ ጭነቱን የሚያነሳው ሆይስት ግማሽ ቶን ይመዝናል ተብያለሁ። በአንድ ጎን ያሉት ሁለት ጎማዎች 2 ሜትር ይራራቃሉ።

አሁን ጥያቄዬ። ከፈረሰ መጋዘን የገዛኋቸው 5 ብረቶች አሉኝ፣ እያንዳንዳቸው 12 ሜትር። ቁመታቸው 300፣ ወርዳቸው 150 ሚሊሜትር ነው። ሻጩ አይፒኢ 300 (የአውሮፓ ደረጃ የአይ ቅርጽ ብረት) ናቸው ብሎኛል። በያጄ ደግሞ «ይሄ ብረት 10 ቶን ቢጭኑበትም አይሰበርም፣ ኮለኑ ላይ ብራኬት በይደን እንጫነው» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ክሬን ገጣሚ

ወንድሜ ጎሽ፣ ሳትበይድ ጠየቅክ። የክሬኑን ሻጭ አንድ ወረቀት ጠይቀው፤ የአንድ ጎማ ከፍተኛ ጭነት የሚል ቁጥር አለበት። ቢም የሚመረጠው በዚያ ቁጥር ነው። «5 ቶን ክሬን» ማለት ብቻውን ለቢሙ ምንም አይነግረውም። ወረቀቱ እስኪመጣ በግምት መሥራት ይቻላል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን ወረቀቱን ይጠብቅ።

እህት ኢንጂነር

ወንድሜ፣ ልጁ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጥሩን አብረን እንየው።

ሆይስቱ ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ፣ ከሃዲዱ 1 ሜትር ላይ ሆኖ 5 ቶን አንስቷል እንበል። ጭነቱና ሆይስቱ 5.5 ቶን ናቸው። ከዚህ 12 እጅ 11ዱ በዚያ ጎን ያርፋል፣ 5.04 ቶን ማለት ነው። የድልድዩ ግማሽ፣ 1.5 ቶን ይጨመርበታል። 6.54 ቶን ሆነ። ለሁለት ጎማ ሲካፈል አንዱ ጎማ 3.27 ቶን፣ ማለትም 32 ኪሎኒውተን ይዞ ይሄዳል። የአሜሪካው ደንብ በሪሞት ለሚሠራ ክሬን ለምቱ (ጭነቱ ሲነሳና ሲናጥ ለሚጨምረው ኃይል) 25 በመቶ ጨምሩ ስለሚል ለጥንካሬው 40 እንይዛለን።

በ6 ሜትር ቢም ላይ ይህ 83 ኪሎኒውተን ሜትር ሞመንት (የማጉበጥ ኃይል) ያመጣል። አይፒኢ 300 ላይ ጭንቀቱ (ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጫና) 150 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ተራው ብረት እስከ 235 ስለሚሄድ በያጅህ አይሰበርም ያለው ከዚህ አንጻር እውነት ነው።

ግን የክሬን ቢም የሚፈተነው በመሰበር ብቻ አይደለም፣ በመጉበጥም ነው። ክሬን በጎበጠ ቢም ላይ ሲሄድ ቁልቁለት ወርዶ ዳገት እንደመውጣት ነው፤ ሞተሩ ይታገላል፣ ጭነቱ ይወዛወዛል። የአውሮፓውም ደንብ፣ የአሜሪካ ክሬን ሠሪዎች ደንብም ወደ ታች የሚፈቅዱት የርዝመቱን 600ኛ ነው። ለ6 ሜትር 10 ሚሊሜትር። የምቱ ጭማሪ እዚህ አይገባም፣ በ32 ነው የሚሰላው። እንደዚያም ሆኖ አይፒኢ 300 14 ሚሊሜትር ይጎብጣል። አላለፈም።

«እሺ ቁመቱን ከፍ አድርጌ አይፒኢ 360 ልግዛ» ብትል ወደ ታች 7 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ደህና ነው። ችግሩ ወደ ጎን ነው። ሆይስቱ ድልድዩ ላይ ሲሄድና ሲቆም መሄጃ ቢሙን ወደ ጎን ይገፋዋል። የአሜሪካው ደንብ ለዚህ የጭነቱንና የሆይስቱን 20 በመቶ ያዙ ይላል፤ ላንተ 1.1 ቶን ነው፣ ለአራቱ ጎማ ሲከፈል ለአንዱ 2.7 ኪሎኒውተን። ትንሽ ይመስላል። ግን የሚቀበለው የላይኛው ፍላንጅ፣ ማለት የላይኛው ጠፍጣፋ ክንፍ ብቻ ነው። የ360ው ክንፍ 170 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ወደ ጎን 19 ሚሊሜትር ይሄዳል። አውሮፓው 10፣ አሜሪካው 15 ነው የሚፈቅደው። በሁለቱም ወደቀ።

ለ6 ሜትር የምመክርህ ክንፈ ሰፊውን ነው። ኤችኢኤ 280 ከራሱ ክብደት ጋር ወደ ታች 9፣ ወደ ጎን 4 ሚሊሜትር ነው። በሜትር 76.4 ኪሎ ይመዝናል። ለሁለቱም ጎን 48 ሜትር ስለሚያስፈልግህ 37 ኩንታል ያህል ብረት ነው።

የሐይቁ ልጅ

ሰላም ከሐዋሳ። ወደ ጎን የተባለውን በዓይኔ ስላየሁት ልጨምር። አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ልክ ያንተን የመሰለ ቀጭን ቢም ተሰቅሎ ነበር። ጭነቱን ተሸክሟል፣ ማንም ምንም አላለም። ከጊዜ በኋላ ክሬኑ ሲሄድ የሚያንቋርር ድምፅ መጣ። እኔ ስጠራ መጀመሪያ ያየሁት መሬቱን ነው። ከሃዲዱ ሥር በቀጥታ መስመር የብረት ብናኝ ወርዷል፣ ባትሪ ሳበራበት ያብለጨልጫል። ወጥቼ ጎማውን ስነካው ከሃዲዱ እንዳይወርድ የሚይዘው ጠርዝ ተልጦ ተልጦ ጣት የሚቆርጥ ሆኗል። ቢሙ ወደ ጎን በተገፋ ቁጥር ጎማው ሃዲዱን ሲፍቅ ነው የከረመው። ያ ጠርዝ ቢያልቅ ድልድዩ ከሃዲዱ ይወርድ ነበር፣ ከሥሩ ሰው ይሠራል። ጎማዎቹን ቀይረን፣ የቢሙ ጀርባ ላይ ዩፒኤን 200 (የዩ ቅርጽ ብረት) በአፉ ደፍተን በየድነው ሃዲዱን መልሰን አሰርን። ሠርቷል። ግን ቢሙ ከተሰቀለ በኋላ እዚያ ላይ መበየድ ፈተና ነው፣ ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል። መሬት ላይ እያለ አስብበት።

የሶደሬ መንገድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ኢንጂነር፣ እንዲህ በቁጥር ያስረዳኝ ሰው የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

37 ኩንታል ብረት አሁን መግዛት ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ያለኝን የምጠቀምበት መንገድ የለም? ሌላ ደግሞ፣ የሼዱን ኮለን ሄጄ ሳየው ለጣሪያ ብቻ የተሠራ ክብ ቱቦ ነው። ብራኬት የሚበየድበት አይመስለኝም።

እህት ኢንጂነር

ቱቦው ላይ እንዳትነካው። የጣሪያና የነፋስ ብቻ ታስቦ የቆመ ነው፣ አዳማ ደግሞ ነፋሷን ታውቀዋለህ። ክሬኑ የራሱ ቋሚ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር አድርግልኝ። ካሊፐር ይዘህ የብረትህን ክንፍና መሃሉ ላይ ያለውን ቁም ብረት ውፍረት ለካ። ቀለሙን ፍቀህ ለካ። አይፒኢ 300 ከሆነ ክንፉ 10.7፣ ቁሙ 7.1 ሚሊሜትር ነው።

የሶደሬ መንገድ (ጠያቂ)

ለካሁ። ሦስቱን በተለያየ ቦታ ለካሁ። ክንፉ 9፣ ቁሙ 6.5። አይፒኢ አይደለም ማለት ነው?

እህት ኢንጂነር

አይደለም። በቻይና ደረጃ የተሠራ፣ ኤችኤን 300 በ150 የሚባለው ነው። ቁመቱና ወርዱ ስለሚመሳሰል በሜትር ብቻ ለለካ ሰው አይለይም። በሜትር 37 ኪሎ አካባቢ ነው፣ አይፒኢ 300 ግን 42.2። በ6 ሜትር ላይ ቢቀመጥ 16 ሚሊሜትር ይጎብጥ ነበር። ስለዚህ በ6 ሜትር እሱን እርሳው።

ግን ቋሚ አዲስ የምታቆም ከሆነ መላ አለ። ቋሚዎቹን በየ3 ሜትሩ አቁማቸው። ቢም ሲያጥር መጉበጡ በጣም ነው የሚወርደው። ያንተው ብረት በ3 ሜትር ላይ ወደ ታች 1.2፣ ወደ ጎን 2.9 ሚሊሜትር ነው። የሚፈቀደው 5 ነው። ጭንቀቱም ከላይ ወደ ታችና ወደ ጎን ተደምሮ 120 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። 48 ሜትር ማለት ደግሞ 4 ብረት ነው፣ አንድ ይተርፍሃል።

በየ6 ሜትሩ ቢሆን 10 ቋሚ፣ በየ3 ሜትሩ ግን 18 ነው የሚያስፈልግህ። 8 ይጨምራል። 5 ሜትር ቁመት ያለው ኤችኢኤ 160 ብታደርገው (ቋሚውን ራሱን ገና አሰላልሃለሁ) የ8ቱ ጭማሪ 12 ኩንታል ነው። ከ37 ኩንታል ጋር አወዳድረው። የ8 ፉቲንግ (የቋሚ መሠረት) ወጪ ጨምርበት፣ ያም ሆኖ ያዋጣሃል ብዬ አስባለሁ።

ክሬን ገጣሚ

በሂሳቡ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር አስቡ። በየ3 ሜትሩ ቋሚ ቆመ ማለት ከጎን ምንም አይገባም። ተሳቢ ከየት ነው የምታስገባው? በጎን ከሆነ ይሄ መላ አይሆንህም፣ ኤችኢኤውን በዱቤም ቢሆን ፈልግ።

የሶደሬ መንገድ (ጠያቂ)

ከፊት በር ነው፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። ጎንና ጎኑ ግድግዳና የዕቃ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ይነሳል፣ ግድ የለም።

ቱምቢ

ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ከ30 ዓመት በላይ ብረት አቁሜያለሁ። ኢንጂነሯ ያለችው ልክ ነው። የእጅ ሥራውን ልንገርህ።

ብረቱ ከፈረሰ ቤት ስለመጣ የድሮ የብሎን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳ ያለበት ክንፍ የቢሙ መሃል ላይ እንዳይውል አድርገህ ቁረጥ። 6፣ 6 ሜትር ቆርጠህ መሃሉ ላይ ቋሚ ልታስገባበት ትችላለህ። ግን ጎማው በአንዱ በኩል ሲጫን የሌላው ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ጫፉ ሁሉ በብሎን ወደ ታች ይታሰር። ፉቲንጉ ደግሞ እኩል ጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ፤ የመሃሉ ከሰመጠ ቢሙ 6 ሜትር ሆነ ማለት ነው። የአዳማ መሬት አንዱ ጋ ደንዳና፣ ሁለት እርምጃ አልፈህ ልል አመድማ አፈር ሆኖ ታገኘዋለህ። 18ቱንም ጉድጓድ ወርደህ እየው፣ ለቆፋሪ አትተወው።

ቢሙን ከቋሚው ጋር ከላይም ከታችም በይደህ አታድርቀው። ጭነት ሲያልፍ የቢሙ ጫፍ ትንሽ ይዞራል፣ ከደረቀ ብየዳው ይሰነጠቃል። ከታች በብሎን እሰረው። የላይኛውን ክንፍ ወደ ጎን እንዳይሄድ በቀጭን ማሰሪያ ወደ ቋሚው ያዘው። ከቋሚው ወደ ቢሙ ሆድ በሰያፍ የሚገባ ድጋፍ ግን አታድርግ፣ እሱን ያደረጉ ሁሉ ሲሰነጠቅባቸው አይቻለሁ። የታችኛው ክንፍ ላይ ለመብራት ገመድ፣ ለቱቦ እያላችሁ ምንም አትበይዱ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያች ትንሽ ብየዳ ላይ ነው።

እህት ኢንጂነር

ጋሼ ቱምቢ፣ እጅዎ ይባረክ። ከዚህ የተሻለ አልነግረውም።

የእኔ ቀሪ ይሄ ነው። ክሬኑ ሲነሳና ሲቆም በርዝመቱ አቅጣጫ የጎማዎቹን ጭነት 10 በመቶ ያህል ይገፋል፣ በአንድ ጎን 650 ኪሎ። ቋሚዎቹ እንዳይዘሙ በእያንዳንዱ መስመር ቢያንስ አንድ ቦታ በሰያፍ አስተሳስራቸው። በ2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ መሰማቱንም አትርሳ፣ ማሰሪያው ለዚያም ነው። በ4ቱም ጫፍ ክሬኑን የሚያቆም ጠንካራ መቆሚያ ይኑር።

የሐይቁ ልጅ

ሃዲዱ ሲገጠም ዳር እስከ ዳር ክር ወጥራችሁ ተከተሉት። በሁለቱ ሃዲድ መካከል ያለው 12 ሜትር በየቋሚው ይለካ፣ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት አይኑረው። የሃዲዱ መጋጠሚያ ከቢሙ መጋጠሚያ ጋር አንድ ቦታ ላይ እንዳይውልም አደራ።

የሶደሬ መንገድ (ጠያቂ)

ሁሉንም ለበያጄ ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ ካሊፐሩን ራሱ ይዞ ሲለካ ግን ዝም አለ። አሁን የሚቆረጡትን በጠመኔ እያሰመረ ነው፣ የድሮ ቀዳዳዎቹን በቀይ ከብቧቸዋል። ሐሙስ የመጀመሪያዎቹን 4 ጉድጓዶች እናስቆፍራለን። አፈሩን ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ። ጋሼ፣ እባክዎ ይዩልኝ። ኢንጂነር፣ የክሬኑ ወረቀት ነገ ይላካል ተብያለሁ። እንደደረሰኝ የጎማውን ጭነት እልክልዎታለሁ፣ ከ3.27 ከበለጠ እንደገና ያስሉልኝ።

እህት ኢንጂነር

ላከው። የቋሚውንና የፉቲንጉን ስሌት ከእሱ ጋር አብሬ እሠራልሃለሁ። እስከዚያ አንድም ብረት እንዳይቆረጥ።