ማይክሮዌቩ ሰዓት ሲሞላ ያሞቃል፣ በሴንሰር ግን ኤረር ይላል፤ ሴንሰሩ ነው የሞተው?

የሽሮዋ እመቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እቤት ያለው ማይክሮዌቭ ከዱባይ የመጣ ነው። ሰዓት ሞልቼ ሳስነሳው ምንም አይለውም፣ ያሞቃል። ሰዓት ሳይሞላ ራሱ የሚያቆምበትን፣ "ሴንሰር" የሚለውን ቁልፍ ስጫን ግን የተወሰነ ደቂቃ ይሠራና ይጮሃል፣ ኤረር ያወጣል፣ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ያለምንም ችግር እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ግራ ያጋባኝም ይሄ ነው። ሰፈር ላለ ጠጋኝ በስልክ ስነግረው ገና ሳያየው "ሴንሰሩ ሞቷል፣ ቦርዱም ሳይነካ አይቀርም፣ አምጪው" አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ላይ ትንሽ ብጨምር ሌላ እገዛለሁ! ወንድሜ ደግሞ ካቻቢቴ ይዞ ካልከፈትኩት እያለ ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ? የሚረዳ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የማሞቀው ሽሮ ነው፣ ክዳን አልጠቀምም።

ቴስተር በኪሱ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወንድምሽ ካቻቢቴውን ይመልስ። ማይክሮዌቭ እንደ ካውያ አይደለም፣ ከሶኬት ተነቅሎም ሰው ሊገድል ይችላል። የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨው ማግኔትሮን የሚሠራው ወደ 4000 ቮልት በሚጠጋ ኃይል ነው፤ እዚያ መስመር ላይ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቻርጁን ቀስ እያለ የሚያፈስ ሬዚስተር አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አለው፣ ግን ሬዚስተሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። እኛም ብንሆን ካፓሲተሩን ሳናራግፍ እጃችንን አንሰድም።

አሁን ወደ ኤረሩ። ሰዓት ሲሞላ የሚያሞቅ ከሆነ ማግኔትሮኑም፣ ትራንስፎርመሩም፣ የበሩ ስዊቾችም እየሠሩ ነው። የቀረው የሴንሰሩ መስመር ነው። ብዙ ሰው ምግቡን የሚያይ ነገር ውስጡ ያለ ይመስለዋል፣ የለም። አየር በሚወጣበት መንገድ ላይ ትንሽ የእርጥበት ሴንሰር ተቀምጣለች፤ ምግቡ ግሎ እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ቦርዱ "አሃ፣ ደረሰ" ብሎ የቀረውን ደቂቃ ራሱ ያሰላል። አንዳንዱ ሞዴል ላይ ደግሞ ቴርሚስተር የሚባል የሙቀት ሴንሰር አለ። የሞተ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ እንደሞተ ነው የሚቀረው፣ ሲያሻው ሠርቶ ሲያሻው አይተውም። አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ሲል እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ቆሻሻን፣ የላላ መሰኪያን ወይም እንፋሎቱ በሰዓቱ አለመድረሱን ነው። በስልክ "ቦርድ ነው" ያለሽ ሰው ቴስተሩን እንኳ ሳያወጣ ነው የፈረደው።

ማኑዋሉ ካለሽ ኤረሩ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ፈልጊ። የኮዱ ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል፣ ኢንተርኔት ላይ ለሌላ ማሽን የተጻፈ እንዳያሳስትሽ።

ሜሪላንድ ያለሁት፦

ክዳን አልጠቀምም ያልሽው ላይ ቆምኩ። በሴንሰር ሲሞቅ ምግቡ መከደን አለበት፣ ትንሽ መተንፈሻ ተትቶለት። እንፋሎቱ መጀመሪያ ከክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፣ ከዚያ በአንዴ ይወጣል፣ ሴንሰሩም በደንብ ያውቀዋል። ክፍት ከሆነ ቀስ በቀስ እየተበተነ ይሄዳል፣ ማሽኑም ይደናበራል። ሽሮ ያለ ክዳን ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግድግዳውን ቀብቶት ነው የሚወጣው። ያ ዘይትና በርበሬ ውስጥ በኩል ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ደፍኖብሽ ይሆናል።

አንድ ሰሃን ውኃ ውስጥ ሎሚ ጨምቀሽ እስኪፈላ አሙቂው፣ በሩን ሳትከፍቺ ትንሽ አቆይው፣ ከዚያ በለሰለሰ ጨርቅ ጥረጊው። ወደ ቀዳዳዎቹ ምንም ዓይነት ስፕሬይ እንዳትነፊ፣ አልኮል ያለበት ነገር በተለይ የእርጥበት ሴንሰርን ያሳስታል። ስትጨርሺ በደረቅ ጨርቅ አድርቂና በሩን ከፍተሽ አናፍሺው፤ ግድግዳው እርጥብ ሆኖ ሴንሰር ከተነካ ማሽኑ የአሮጌውን ውኃ እንፋሎት የምግቡ መስሎት ቶሎ ያቆማል። መሀል ላይ "ደረሰ ወይ" ብለሽ በሩንም አትክፈቺ፣ ልኬቱ ይበላሻል። ጎን ላይ ያለችውን ካርቶን የምትመስል የማይካ ሳህን ግን ቆሻሻ መስላሽ እንዳትነቅያት፣ እሷ የራሷ ሥራ አላት።

እንጀራና ዳቦ በሴንሰር አይሞከርም፣ በቂ እንፋሎት የላቸውም። እነሱን በሰከንድ ሙይላቸው።

አቋራጭ፦

ምን ይሄን ሁሉ ያደክማችኋል፣ ሴንሰሩን ነቅሎ ሁለቱን ሽቦ ማገናኘት ነው። በፍሪጅ ላይ አይቻለሁ፣ ይሠራል።

ቴስተር በኪሱ፦

@አቋራጭ ወንድሜ፣ ፍሪጅና ይሄ አይገናኙም። ሽቦዎቹን ካገናኘህ ቦርዱ የሚያነበው ሾርት ነው፣ ሌላ ኤረር ያወጣልሃል፣ ባስ ሲል ማሽኑ እየጋለ ሳያውቅ ይሄዳል። ይሄን ምክር ሰምቶ የበሩን ስዊች ደግሞ የሚያገናኝ አይጠፋም። እነዚያ ስዊቾች ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው፣ አንደኛው ሥራው ሌሎቹ ተጣብቀው ሲቀሩ ሆን ብሎ ፊውዝ ማቃጠል ነው። በር ተከፍቶ የሚሠራ ማይክሮዌቭ እቤት ማስቀመጥ ትፈልጋለህ?

ጠጋኝ ጋ ከሄደ የሚደረገው ቀላል ነው። የሴንሰሩ መሰኪያ ተነቅሎ ይጸዳል፣ ይመለሳል። ቴርሚስተር ካለው በቴስተር ኦሙ ይለካል። ሲቀዘቅዝ ብዙ ሺህ ኦም ያሳያል፣ 10 ሺህ ሊሆን ይችላል፣ 50 ወይም 100 ሺህም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሞዴሉ ነው። በጣት ተይዞ ሲሞቅ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ጭራሽ ካላነበበ ተቆርጧል፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት ነው። ይሄ ሳይለካ ቦርድ አይቀየርም፣ እህቴ፣ ፊት ለፊትሽ እንዲለካ ጠይቂው።

ማታ ማታ፦

አንድ ጥያቄ። እምቢ የሚለው ቀን ነው ወይስ ማታ?

የምጠይቀው ስለ መብራቱ ነው። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ኸርዙ 50 ነው፣ ቮልቱም ከኛው ጋር ይሄዳል። (ከአሜሪካ ቢሆን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ብትገዢም ኸርዙ የኛው 50 እንደሆነ ስለሚቀር የራሱ ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ይግላል።) ግን ማታ ሁሉም ሰው ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ 220 መሆን የነበረበት ይወርዳል። ቮልት ሲወርድ የማሞቅ ጉልበቱም ይወርዳል፣ ሽሮው ለመፍላት ይዘገያል። ማሽኑ ደግሞ እንፋሎት የሚጠብቅበት ገደብ አለው፣ በዚያ ውስጥ ካልመጣለት ተስፋ ቆርጦ ኤረር ይላል። ሴንሰሩ ጤነኛ፣ ቦርዱ ጤነኛ!

ልትፈትሺው ትችያለሽ። 1 ሊትር ውኃ ለኪ፣ ሙቀቱን መዝግቢ፣ በሙሉ ኃይል ለ1 ደቂቃ አሙቂ፣ አማስለሽ እንደገና ለኪ። የጨመረውን ዲግሪ በ70 አባዢው፣ የምታገኚው ውኃው ውስጥ የገባው ዋት ነው፣ በግምት። 10 ዲግሪ ከጨመረ 700 ዋት ማለት ነው። ጠዋትና ማታ አድርጊው። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ያስፈልግሻል፣ የትኩሳት መለኪያው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አያነብም።

የሽሮዋ እመቤት፦

ኧረ ተባረኩ። ቀዳዳዎቹ ላይ የነበረውን ባሳያችሁ ታፍሩብኛላችሁ፣ ቀይ ነበር። አጽድቼ፣ አድርቄ፣ ሽሮውን ከድኜ ጠዋት ስሞክረው በሴንሰር እስከ መጨረሻው ሄደ። ማታ ግን ተመልሶ ጮኸ። ከዚያ ነው የውኃውን ነገር የሞከርኩት። ጠዋት 10 ዲግሪ ጨመረ፣ ማታ 7 እንኳ አልሞላም። @ማታ ማታ አንተ ባትጠይቀኝ በፍጹም አላስበውም ነበር። ወንድሜ አኩርፏል።

ሌላም ልጠይቅ፣ በሴንሰር ሲጨርስ ምግቡ እንደማስበው አይግልም፣ ይሄስ ከመብራቱ ነው?

ማታ ማታ፦

7 ዲግሪ 490 ዋት ነው፣ ለሽሮ አይበቃም አልልም ግን ሴንሰሩ አይጠብቀውም። በቴስተር ሶኬቱን ማታ ማይክሮዌቩ እየሠራ የሚለካልሽ ሰው ፈልጊ። ሶኬቱ ላይ ወርዶ ቆጣሪው ጋ ደህና ከሆነ ችግሩ የቤትሽ መስመር ነው፣ ቀጭን ገመድ ወይም ሌላ ነገር የተሰካበት ዲቫይደር። ዲቫይደር ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ንቀይውና ግድግዳው ላይ ሰኪው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመብራቱ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከሆንሽ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንፋሎቱ ቀድሞ ይወጣል፣ ሴንሰሩም ቀድሞ "በቃ" ይላል። አማስለሽ ትንሽ ሰከንድ ጨምሪለት።

የሽሮዋ እመቤት፦

ዲቫይደር ላይ ነው 🙈 ከፍሪጁ ጋር። ግድግዳ ላይ ሰክቼው ካልተሻለው ስታቢላይዘር ልግዛለት? እቤት 1000 የሚል አለ።

ቴስተር በኪሱ፦

1000ው አይችለውም። 700 ዋት የሚያሞቅ ማይክሮዌቭ ከሶኬቱ የሚስበው 1100 እና ከዚያ በላይ ነው። ከጀርባው የተለጠፈው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ ስታቢላይዘር ስትገዢ ትልቁን አይተሽ ከሱ በደንብ የሚበልጥ ውሰጂ። ፍሪጁንም ለብቻው ሰኪው፣ ሁለቱ አንድ ዲቫይደር ላይ አይሆኑም።