የአያቴ የፈረንሳይ ማበጠሪያ፦ የኤሊ ነው ወይስ ፕላስቲክ?

የለገጣፎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ በሙሽርነቷ ጊዜ በባቡር ከድሬዳዋ የመጣላትን የጸጉር ማስያዣ ማበጠሪያ ትታልኝ አልፋለች። አራት ረጃጅም ጥርስ አለው፤ ከላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ማርማና ቡናማ የተዥጎረጎረ፣ ጠርዙ ላይ አብረቅራቂ ፈርጥ ያለው ነው (ሁለቱ ረግፈዋል)። ጀርባው ላይ «ፈረንሳይ» የሚል ጽሑፍ አለ። ቤተሰቡ በሙሉ የኤሊ ድንጋይ ነው ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በጋለ መርፌ ወግቼ ካልፈተንኩት ብሎ አላስቀምጥ አለኝ። ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ፦ በላስቲክ ጠቅልዬ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ካኖርኩት ወዲህ አብረውት ያሉት መርፌ ቁልፎች ዝገዋል። ውሃ ጠብ አላለበትም።

መነጽር ጠጋኝ (አቃቂ)፦ መርፌውን ቀሚው! ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ከሆነ ቦግ ነው የሚለው። በናይትሪክ አሲድ የታከመ ጥጥ ካምፎር ከሚባለው የቪክስ ሽታ ካለው ነገር ጋር ተለውሶ ነው የሚሠራው። በአውራ ጣትሽ እስኪሞቅ እሺው፤ ቪክስ ቪክስ ከሸተተሽ ኤሊ የለም። እኔም የድሮ መነጽር ስሞርድ የምለየው በዚያው ነው።

ሰንዳፋ ነኝ፦ ፕላስቲክ ከሆነ ምን ያደክምሻል? መርካቶ ሞልቷል።

መነጽር ጠጋኝ (አቃቂ)፦ ወንድሜ፣ የመርካቶው በቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ የሚወጣ ነው። ያን ጊዜ ግን ጌጡን በቀጭን መጋዝ በእጅ ነበር የሚፈለቅቁት። ፈረንሳይ ውስጥ የዚህ ሥራ መዲና ኦዮና ናት፤ ጁራ ተራሮች ውስጥ ያለች ከተማ። ከእንጨትና ከቀንድ ሲሠሩ ኖረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሴሉሎይድ ዞሩ። የኤሊውን ዥጉርጉር ለማምጣት ሁለት ቀለም ሊጥ ያዋህዳሉ፤ ቤተሰብሽ ቢሳሳት አይፈረድበትም። መጀመሪያ አበባና ተርብ የመሰለ ቅርጽ ነበር ፋሽኑ፤ በፈረንጅ 1920ዎቹ ማራገቢያና ቀጥ ያለ መስመር መጣ። የከተማዋ ሰው ኦጉስት ቦናዝ በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። ግን በዚያው ዘመን ሴቶቹ ጸጉራቸውን ቁርጥ አደረጉት! ማበጠሪያ ሠሪው ወደ አንገት ጌጥና ወደ መነጽር ዞረ። የኔም እንጀራ ከዚያ ይመዘዛል ልበል?

ዝገቱን በተመለከተ፦ ሴሉሎይድ ሲያረጅ የአሲድ ትነት ይተፋል። ሲታፈን ይብስበታል፤ ብረትም ይበላል። ከላስቲኩ አውጪውና ነፋሻ፣ ቀዝቃዛ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አኑሪው። ከምድጃና ከሻማ አርቂው።

የለገጣፎዋ፦ አሸሁት፤ ቁርጥ ቪክስ! አክስቴ እንድታሸተው ብሰጣት «ኤሊም ሲያረጅ እንዲህ ይሸታል» ብላኝ ቁጭ።