ሙስሊም ልታገባ ነው፤ ምስክር ሆኜ ልፈርም?

ጠያቂዋ አክስት፦ ነገሩን ላጫውታችሁ። የእኅቴ ልጅ 27 ዓመቷ ነው። ኦርቶዶክስ ናት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደገችው። አሁን የሥራ ባልደረባዋን ልታገባ ነው። ልጁ ሙስሊም ነው። እውነት ለመናገር ጨዋ ልጅ ነው። ሁለቱም ሃይማኖታችንን አንለውጥም ብለዋል፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሊፈራረሙ ነው። እኔን ከምስክሮቹ አንዷ ሁኚልኝ አለችኝ። እኅቴ ደግሞ «የፈረመ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ» ብላ ምላለች። መሐል ላይ ቀረሁ። ለመሆኑ መጽሐፉ ምን ይላል? ክርስቲያን የሌላ እምነት ሰው ማግባት አይችልም? ስለ ልጁ ሃይማኖት ክፉ እንዳትናገሩብኝ አደራ።

የሰንበት ተማሪ፦ እትዬ፣ አይችልም። «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ» ይላል፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14። ፍትሐ ነገሥትም አንቀጽ 24 ላይ የሃይማኖት ልዩነትን ከጋብቻ ከልካዮች ይቆጥረዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ምሥጢር ነው። ሙሽሮቹ ተክሊል ደፍተው አብረው ይቆርባሉ። አንዱ ካልተጠመቀ ማን ከማን ጋር ይቆርባል? ቄሱ ጨክነው አይደለም። ሥርዓቱን የሚፈጽሙበት መንገድ የላቸውም።

ሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ እስቲ ጥቅሱን ከፍ ብለህ ጀምረህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ምዕራፉ ስለ ጋብቻ አንድም ቃል የለውም። ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ጣዖትና ስለ እግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ነው። እኛ ነን የጋብቻ ጥቅስ ያደረግነው።

የገበሬ ልጅ፦ «አትጠመዱ» የሚለው ቃል ከተማ ላደገ ሰው ብዙም ላይገባው ይችላል። ጥማድ ነው። ዘዳግም 22፥10 ላይ በሬና አህያ ጠምደህ አትረስ ይላል። አባቴ አንድ ዓመት በሬ ጎድሎበት ቁመታቸው የማይመጣጠን ሁለት በሬዎች ጠምዶ ነበር። ቀንበሩ ወደ አጭሩ አዘነበለ። የአጭሩ ጫንቃ ተላጠ። ረጅሙ ደግሞ መሐል ማሳ ላይ እየቆመ አስቸገረ። ሁለቱም ግን ለየብቻቸው ደህና በሬዎች ነበሩ።

በጌታ ነኝ፦ ሜሪላንድ ስለ ጥቅሱ ልክ ነህ። ግን ማምለጫ አይሆንህም። ስለ ጋብቻ በቀጥታ የተጻፈው 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39 ላይ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የወደደችውን ልታገባ ነጻነት አላት ይልና «በጌታ ይሁን እንጂ» ብሎ ይጨርሳል። እኔ በነበርኩበት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ይህን ያፈረሰ ሰው ከአገልግሎት ይታገዳል። ራሴም ከመዘምራን ታግጄ ነበር። ሙስሊም አግብቼ እንዳይመስላችሁ። ኦርቶዶክስ አግብቼ ነው!

የሰንበት ተማሪ፦ እኛም ብንሆን አንቺ እስክትጠመቂ ድረስ አብራችሁ አትቆርቡም።

ሜሪላንድ፦ ይኸው! የማያምነው ማን እንደሆነ ሳትስማሙ ጥቅስ ትወራወራላችሁ። ሩት ሞዓባዊት ነበረች። ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ በለምጽ የተመታችው ግን ሚስቱ ሳትሆን ያማችው ማርያም ናት።

የሰንበት ተማሪ፦ ሩት «አምላክሽ አምላኬ ይሆናል» ብላ ነው የመጣችው። ቦዔዝን ያገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሎሞንን ለምን ዘለልከው? 1ኛ ነገሥት 11 ላይ ያን ያህል ጥበብ የተሰጠው ሰው በሚስቶቹ የተነሣ ልቡ ወደ ሌሎች አማልክት ዘነበለ። ከምርኮ መልስም ዕዝራ ያዘነው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ሜሪላንድ፦ የሩትን የመጀመሪያ ባልስ? እሱን ያገባችው ገና ሞዓብ ሳለች ነው።

የደሴ ልጅ፦ ስለ ወሎ ማንም ስላላነሳ ነው የምጽፈው። የእናቴ አባት ሙስሊም፣ የእናቴ እናት ክርስቲያን ነበሩ። እኛ ጋ ይህ ብርቅ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ነው ክርስትና የተነሡት። ወደው ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ የአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ነበረበት።

ወደ አያቶቼ ልመለስ። ጓዳቸው ውስጥ ሁለት ድስትና ሁለት ቢላዋ ነበር። ለፋሲካ የሚታረደው በግ በሴት አያቴ ድስት ይሠራል፤ እሱን ከክርስቲያን ልጆቿ ጋር ብቻ ትበላለች። ለአረፋ የወንድ አያቴ ድስት ይወጣል። እናቴ ክርስቲያን፣ አጎቴ ሙስሊም ሆነው አደጉ። ተጣልተው አያውቁም። ሽሮው ግን የጋራ ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ሽሮ የምንወደው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገራችሁ። ሴት አያቴ እስክትሞት አልቆረበችም። ቅዳሴ አታስታጉልም። ቁርባኑ ሲወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈን አድርጋ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቆሜ «አንቺ ለምን አትሄጂም?» ስላት እጄን ትጨብጠኛለች እንጂ አትመልስልኝም። የወሎ ፍቅር እየተባለ ሲወራ እሷን የሚያስታውስ የለም። ወንድ አያቴ ይወዳት ነበር፤ ያንን ግን ሊሰጣት አልቻለም።

ካቶሊኩ፦ በእኛ ዘንድ በር አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ። ካልተጠመቀ ሰው ጋር ያለ ፈቃድ የተደረገ ጋብቻ አይጸናም። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከጳጳሱ ነው። ካቶሊኩ ወገን እምነቱን እንደሚጠብቅ፣ ልጆቹም ካቶሊክ ሆነው እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ሌላው ወገን ይህን ቃል አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ቃል እንዲገባ ግን አይጠየቅም።

ሙስሊሟ ጎረቤት፦ ይቅርታ፣ በሰው ቤት ገባሁ። ከእኛ በኩል ለወንዱ መንገዱ ክፍት ነው። ቁርአን 5፥5 መጽሐፍ ከተሰጣቸው ወገኖች ንጽሕናዋን የጠበቀች ሴት እንዲያገባ ይፈቅድለታል። እኛ ሴቶቹ ግን ክርስቲያን ማግባት በአብዛኞቹ ዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ዘንድ አይፈቀድልንም። እኔ የሚያስፈራኝ ሠርጉ አይደለም። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን አባትየው የአቂቃ፣ ማለትም ለልደቱ የሚታረድ በግ ይገዛል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን እናትየው ክርስትና ታስባለች። በዚህ ላይ ተነጋግረዋል?

ጠያቂዋ አክስት፦ ጠየቅኳት። «ሲያድግ ይመርጣል» አለችኝ።

የሰንበት ተማሪ፦ ሲያድግ ይመርጣል ማለት በ40 ቀን አይጠመቅም ማለት ነው እኮ። ይህን ስትናገር ምን እንደተወች ገብቷታል?

በጌታ ነኝ፦ እኛ ሕፃን አናጠምቅም። እኔም «ሲያድግ» ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄ አንገት ላይ ማተብ አገኘሁ። አማቴ አስጠምቀውት ነበር። ባሌ «እኔ አላውቅም» አለ። እስከ ዛሬ አላመንኩትም።

ጠበቃው፦ ሕጉን ላሳጥረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ሃይማኖት ሳይለይ የማግባት መብት ይሰጣል። በአዋጅ 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግም የሃይማኖት ልዩነትን ክልከላ አላደረገም። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ የሚቻለው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ነው። በማዘጋጃ ቤት ሲፈራረሙ ለየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። ስለ ድስቱ ሕጉ ዝም ይላል።

የቄስ ልጅ፦ እትዬ፣ ሁላችንም ጥያቄዎትን ትተን የራሳችንን ክርክር ያዝን። ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። ላላገባችው «በጌታ ይሁን» ይላል። ከማያምን ጋር በትዳር ላለችው ግን ባልሽ አብሮሽ ሊኖር ከፈቀደ አትተዪው ይላል። እንዲያውም «ያላመነ ባል በሚስቱ ተቀድሶአል» ይላታል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥14። ጢሞቴዎስ የእንዲህ ዓይነት ቤት ልጅ ነው። እናቱ ኤውንቄ አማኝ፣ አባቱ ግሪካዊ። ሳይገረዝ ነው ያደገው፤ የገረዘው ጳውሎስ ነው። «ሲያድግ ይመርጣል» አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

አባቴ እንዲህ ዓይነት ልጅ ስትመጣባቸው ከሠርጉ በፊት በግልጽ አይሆንም ይሏት ነበር። ተክሊሉንም፣ ቁርባኑንም፣ የልጁንም ነገር ይዘረዝሩላታል። ያልሰማች እንደሆነ ከሠርጉ በኋላ ቤቷ ሄደው ቡና ይጠጣሉ። ሰው «አባ፣ ይህ መፍቀድ አይደለም?» ሲላቸው ይቆጣሉ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልፈርምም። ምስክር መሆን መስማማት ነው። ከሠርጉ ግን አልቀርም።

ሜሪላንድ፦ ይህ ጉንጭ አልፋ ነው። ወይ ትፈርማለች ወይ ትቀራለች። ልጅቷ እኮ የቀረውን አክስት እንጂ የቀረውን ፊርማ አትለይም።

የደሴ ልጅ፦ ትለያለች። አያቴ ሠርግ ላይ ከእናቷ ወገን የመጣ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ስሙን እስክትሞት ስታነሳው ኖራለች። ማን ፈረመ ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጠያቂዋ አክስት፦ ደወልኩላት። አልፈርምም አልኳት። አለቀሰች። የ40 ቀኑንም ነገር አነሳሁባት፤ ዝም አለች፣ ከልጁ ጋር ገና አልተነጋገሩም። ምሳው ላይ ግን እገኛለሁ፣ እኅቴ የፈለገችውን ትበል። የማን ሥጋ ነው የሚቀርበው ብላት «ሁሉም የጾም ነው» አለችኝ።

የሰንበት ተማሪ፦ የጾም? ሠርጉ ረቡዕ ነው እንዴ?

ጠያቂዋ አክስት፦ ቅዳሜ ነው።