ስኳር አለብኝ፤ እግሬን ማስረዘም እችላለሁ?

ጠያቂው (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ። ታይፕ ዋን ነው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ጅዳ ያለው አጎቴ «ወጪውን ለኔ ተወው» ስላለኝ ቱርክ ሄጄ እግሬን 6 ሴንቲ ሜትር ለማስረዘም አስቤያለሁ። ክሊኒኩን በዋትስአፕ ሳወራው ስኳር እንዳለብኝ ነገርኩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ችግር የለም፣ ቀን እንያዝልህ?» አለኝ። እውነት ለመናገር ያስደነገጠኝ ፍጥነቱ ነው። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ (HbA1c የሚሉት) ለመጨረሻ ጊዜ ሲለካ 9.1 በመቶ ነበር፤ እሱም ስድስት ወር ሆኖታል። እማዬ ነገሩን አታውቅም። «በተፈጠርክበት ተመስገን በል» የምትሉኝ እለፉኝ፤ እሱን በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ሲስተር፣ ከስኳር ክትትል (ድሬዳዋ)፦
ወንድሜ፣ አልሰብክህም። ስኳር ያለበት ሰው ኦፕራሲዮን አይሆንም የሚባል ነገር የለም። 9.1 ይዞ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያ ሊቆይ ለሚችል ቀዶ ሕክምና በተቻለ መጠን ከ8 በታች ይሁን ይላል። ያንተ ደግሞ ሊቆይ የሚችል ነው፤ ሕይወትህ አልተንጠለጠለበትም። ስኳር ከፍ ሲል ሰውነት ጀርም የመዋጋት አቅሙ ይቀንሳል፣ ቁስል አይደርቅም፣ አጥንትም ለመግጠም ይዘገያል። አንተ የምትጠብቀው ደግሞ መግጠም ብቻ አይደለም። ባዶ ቦታ ላይ አዲስ አጥንት እንዲበቅል ነው።

መጀመሪያ የሦስት ወሩን እንደገና ተለካ። ከዚያ ኩላሊት፣ ዓይን፣ የእግር ነርቭ። የነርቩ ቀላል ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ እግርህን በቀጭን የናይለን ክር እየነኩ ይሰማሃል ወይ ይሉሃል። 13 ዓመት ስኳር ይዘህ ይሄን ካልተመረመርክ ስለ ቱርክ ማውራት ገና ነው።

አንድ ነገር ግን አስምርበት፦ ለኦፕራሲዮን ጹም ስትባል ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን በራስህ እንዳታቆም። መጠኑን ሐኪሙ ይቀንስልሃል እንጂ ታይፕ ዋን ያለበት ሰው ጨርሶ አያቆምም። ካቆመ ኬቶን የሚባል አሲድ ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ያስገባዋል።

የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት (ሐረር)፦
ሲስተር ያለችው ልክ ነው። እኔ እግሩ ላይ የሚሆነውን ልንገርህ። ዘዴውን ያስለመደው ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቪየት ሐኪም ነው፣ ሳይቤሪያ ኩርጋን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። ያኔ ለስብራትና አልገጥም ላለ አጥንት ነበር፤ የቁመቱ ፋሽን ኋላ የመጣ ነው። አጥንቱ ይቆረጣል፣ ብረት ይታሰርበታል፣ ሳምንት ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳባል። ብዙ ጊዜ በአራት ተከፍሎ፣ በአንድ ጊዜ 0.25። 6 ሴንቲ ሜትር ማለት እንግዲህ 60 ቀን መሳብ ብቻ ነው። ሲያበቃ አዲሱ አጥንት ገና ለጋ ነው። እስኪጠነክር በተለምዶ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቁጠር። ይሄ ስኳር የሌለበት ሰው ሒሳብ ነው።

አጥንቱ ሲረዝም ጡንቻው፣ ጅማቱና ነርቩ አብረው ይለጠጣሉ። ጅማቱ ከኋላ ሲቀር ተረከዝ መሬት አልነካ ይላል፤ ፊዚዮቴራፒ በየቀኑ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ነርቩ ሲጨነቅ እግር ይደነዝዛል፣ ይቆጠቁጣል፤ ያኔ መሳቡን እናዘገያለን። በስኳር ምክንያት እግርህ ቀድሞ ደንዝዞ ከሆነ ግን ያ ማስጠንቀቂያ አይሰማህም። ለዚህ ነው ሲስተር ስለ ክሩ አጥብቃ የነገረችህ።

ክሊኒኩን ስለ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ይሄን ጠይቀው፦ ስኳሬን ማን ሐኪም ይከታተላል? እዚያ ስንት ወር እቆያለሁ? ድሬ ከተመለስኩ በኋላ ብረቱ ቢላላ ወይ መግል ቢይዝ ማን ያየኛል? መልሱ ዋትስአፕ ከሆነ ተወው። (ወጌሻ ጋ ደግሞ በጭራሽ! አይቼ ነው የምልህ።)

ሽርጥ ለባሹ (ሐረር)፦
ልጄ፣ እኔ ለቁመት አይደለም፤ ሸዋ በር ጋ ባጃጅ ተገልብጦብኝ ነው። ስኳርም አለብኝ፣ የትልቅ ሰው ዓይነቱ። ብረቱ ከውጭ ሆኖ ስምንት ወር ተሸክሜዋለሁ። ሱሪ አይገባም፣ ሽርጥ ለብሼ ነው የኖርኩት። ብረቱ በቆዳዬ አልፎ አጥንቱ ውስጥ የሚገባበት ዘጠኝ ቀዳዳ ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ በስልኳ መብራት እያየች በሳላይን (በጨው ውኃ) እና በጎዝ አንድ በአንድ ትጠርጋቸው ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ጋ ያለው መቅላት ጀመረ፣ ከዚያ ሸተተ። ስኳሬ ያን ሰሞን በጣት ሲለካ 250 እና 280 ነበር። አንቲባዮቲክ ብቻውን አላዳነውም። ኢንሱሊን አስጀምረውኝ 150 አካባቢ ሲረጋ ነው ቀዳዳው መድረቅ የጀመረው። አንተ ያንን ማን ይጠርግልሃል? እናትህ አታውቅም ብለሃል።

ከዚራ ልጅ፦
አቦ፣ ሁላችሁም ዋናውን ረሳችሁት። ትቅማለህ ወይ?

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ የቀዳዳው ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ክሊኒኩ ብረቱ ውስጥ ነው፣ በማግኔት ነው የሚሳበው ስላለኝ ቁስል የለውም ብዬ ነበር። ለከዚራው ልጅ፦ ቅዳሜና እሁድ አዎ። ያኔ ምሳ አልበላም፣ ምግብ አያሰኘኝም።

ሬዚደንቱ፦
የውስጡ ቀዳዳዎቹን ያስቀርልሃል። ቢሆንም መቆረጡ፣ መሳቡና መጠበቁ ያው ነው። ኢንፌክሽን ከገባ ደግሞ መቅኒው ውስጥ ነው።

ሲስተር፦
አየህ፣ 9.1 ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። ጠዋት ትወጋለህ፣ ምሳ ትዘላለህ፤ በርጫው ላይ ስኳርህ ይወርዳል። ላቡንና የልብ ምቱን ምርቃና ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ከዚያ ኮካና ጣፋጭ ሻይ ይመጣል፣ ማታ 300 ይገባል። ሁለት ቀን እንዲህ እያደረግህ አምስቱን ቀን ብትጠነቀቅ አይካካስም። ተው አልልህም፤ ግን በልተህ ቃም፣ መለኪያህን ኪስህ ያዝ። ሲጋራም ካለ እሱን ግን አቁም፣ አጥንቱን ያዘገያል። ኢንሱሊንህንስ የት ነው የምታስቀምጠው?

ጠያቂው፦
ሲጋራ የለም። ኢንሱሊኑ ሱቅ ውስጥ መሳቢያ ላይ ነው። ፍሪጅ ቤት አለ፣ መብራት ግን ታውቂዋለሽ።

ሲስተር፦
በድሬ ሙቀት መሳቢያ! የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ካልሆነ አራት ሳምንት አይቆይልህም። ምናልባት የምትወጋው የሞተ ኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተውን ፍሪጅ ውስጥ አድርገው፣ ከፍሪዘሩ ግን አርቀው፤ ከበረደ ጣለው። ለሱቁ ሁለት ገል ማሰሮ ግዛ፣ ትንሹ ትልቁ ውስጥ የሚገባ። መሃሉን በአሸዋ ሙላው፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አፍስስበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደነው። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለህ ውስጥ ታስቀምጣለህ።

ጠያቂው (ከአራት ቀን በኋላ)፦
ተለካሁ፤ 9.4። ክሩን ከአውራ ጣቴ በቀር ሁሉም ቦታ ሰምቼዋለሁ። ለአጎቴ ዘንድሮ አይሆንም አልኩት፣ ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩን አይቼ እደውላለሁ። ለእማዬም ነገርኳት፤ አለቀሰች፣ ከዚያ ማሰሮዎቹን ራሷ ገዛች። አሸዋው ግን የግድ የተለየ መሆን አለበት?

ከዚራ ልጅ፦
አቦ ደቻቱ ወንዝ ምን ሠራ? ወርደህ ዝገን፣ ብቻ እጠበው።