«አፕሮክሲሜት» ግምት ነው እንዴ?

አንድ ወንድማችን «የእንግሊዝኛውን አፕሮክሲሜት (approximate) በአማርኛ ግምት ብንለው ምን ይጎድለዋል?» ሲል ጠይቋል። እኔ ይጎድለዋል ባይ ነኝ።

ግምት ሳይለኩም ይሆናል። በግ ተራ ሄዳችሁ፣ ወገቡን ጨበጥ አድርጋችሁ፣ «ይሄ 15 ኪሎ ሥጋ አያጣም» ትላላችሁ። ገመታችሁ በቃ። እንግሊዝኛው ለዚህ ኤስቲሜት የሚል ሌላ ቃል አለው። አፕሮክሲሜት ግን ልኩ የታወቀ ወይም ሊታወቅ የሚችል ነገር አለ፣ እኔ እሱ አጠገብ ነኝ ነው የሚለው። ከላቲኑ ፕሮክሲሙስ የመጣ ነው፤ «እጅግ ቅርብ» ማለት።

ፓይን (π)፣ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር፣ አስቡት። ትምህርት ቤት 22/7 ነው ተብለን ተምረናል። ስናካፍለው 3.142 ብሎ ይቀጥላል፤ ፓይ ግን 3.141 ብሎ ነው የሚቀጥለው። ስህተቱ የት እንደሚጀምር እናውቃለን። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜዲስም ቢሆን ፓይ ከ22/7 እንደሚያንስ አረጋግጦ ነው የተወልን። ይህን ግምት ማለት ይከብዳል።

ከቤታችንም ምሳሌ አለ። ዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ይይዘዋል። ጳጉሜን በ4 ዓመት አንዴ 6 የምትሆነው ለዚህ ነው። የፀሐዩ ዓመት ግን ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። ልዩነቱ በ128 ዓመት አንድ ቀን ያህል ይሆናል። ሩቧ እንግዲህ አፕሮክሲሜሽን ናት። በተረፈ «ከፈረንጆቹ 7 ዓመት ገደማ ወደኋላ ነን» የሚባለው ገደማ አያስፈልገውም። እነሱ አዲስ ዓመታቸውን እስኪያከብሩ 7፣ ካከበሩ በኋላ እስከ እኛ መስከረም ድረስ 8 ነው።

ለሒሳቡ ነገር «የተጠጋጋ» እና «ተቀራራቢ» ይበቁናል። ለንግግር ግን አማርኛችን ከአንድ ቃል በላይ ነው ያለው፤ ሥራቸውም አንድ አይደለም። «ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅኩት» ብል የቆየሁትን ነው የነገርኳችሁ። «ሦስት ሰዓት ገደማ መጣ» ብል ግን የመጣበትን ሰዓት። «ሦስት ሰዓት ያህል መጣ» የሚል ሰው አታገኙም። ገደማ ለቦታም ይሠራል፦ «ኮዬ ፈጬ ገደማ ወረደ።» ምናምን ደግሞ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። «ሃያ ምናምን ሰው መጣ» ከተባለ 18 ሊሆን አይችልም። በእንግሊዝኛው አፕሮክሲሜትሊ 20 ግን 18ትም ትገባለች።

እኛ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለን ሰዎች እነዚህን ቃላት አብዝተን የምንሰማው ከደላላ ነው። «ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ ገደማ» ይላችኋል። በእግር ይሁን በባጃጅ አይናገርም። ባለፈው ክረምት አንዱ በጭቃ ይዞኝ ሄዶ አጥር የሌለው ቦታ አሳየኝና «ወደ 200 ካሬ ያህል ገደማ ይሆናል» አለኝ። ወደ፣ ያህል፣ ገደማ፣ ይሆናል። አራት ማምለጫ በር ለአንድ ቁጥር! በሜትር ስንለካው 160 እንኳ አልሞላም። «እኔ እኮ ልክ 200 ነው አላልኩም» አለ፣ ደንገጥም ሳይል። እውነቱን ነው፣ አላለም። ይህን ግን አፕሮክሲሜት ብዬ አልተረጉመውም። ቃሉ ቅርብ መሆንን ይጠይቃል፤ 40 ካሬ ደግሞ ሁለት ክፍል ቤት ያሠራል።

ስለ አነባበቡ ለጠየቀችው እህታችን፦ ግስ ሲሆን መጨረሻው «ሜይት» ነው፤ ቅጽል ሲሆን ላላ ብሎ «መት» ይሆናል። የአዲስ አበባ ኢንጂነር ለሁለቱም «ሜት» ይላል፤ እኛም እንረዳዋለን።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ «በግምት 1,247 ነዋሪዎች» የሚል አይቼ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻዋ ሰባት ድረስ ከቆጠራችሁ ምኑን ነው የገመታችሁት? ወይ «1,250 ገደማ» በሉ፣ ወይ «በግምት»ን ሰርዙት።