ፕሮክስሞክስ 8.4 ላይ አማራጩን 6.14 ከርነል መጫን፦ አንድ ኖድ ላይ ብቻ ይበቃል?

ኖድ_ሦስት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሦስት ኖድ (ሰርቨር) የፕሮክስሞክስ ቪኢ 8.4 ክላስተር ነው፣ ማለት ቨርቹዋል ማሽኖችን (ቪኤሞችን) የሚያስኬዱ አንድ ላይ የተያያዙ ሰርቨሮች፤ ሁሉም ነባሪው 6.8.12-9-ፒቪኢ ከርነል (የሊነክስ እምብርት) ላይ ናቸው። በዩኢኤፍአይ ይነሳሉ፣ ሩቱ (ሲስተሙ ያለበት) ዜድኤፍኤስ ሚረር ነው፣ ማለት ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው) ጠፍቷል። አዲስ የተጨመረው ሦስተኛው ኖድ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኔትወርክ ካርድ ሪያልቴክ 8126 ነው፣ የ5 ጊጋቢቱ። የሃርድዌር ዝርዝር የሚያወጣው «ኤልኤስፒሲአይ» ያሳየዋል፣ የኔትወርክ ኢንተርፌሶችን የሚዘረዝረው «አይፒ ሊንክ» ላይ ግን የለም። ለጊዜው በዩኤስቢ አዳፕተር ነው የተገናኘው።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። 6.14ን እሱ ላይ ብቻ ብጭን ክላስተሩ ይረበሻል? ከርነሉ እምቢ ካለ ወደ 6.8 እንዴት ልመለስ? ማሽኑ ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከዚያስ በኋላ አፕዴት እንዴት ይሆናል?

የከርነል_ሰው

ካርዱ የማይታየው 6.8 ስለማያውቀው ነው። 8126ን አር8169 የሚባለው ድራይቨር መደገፍ የጀመረው ከ6.9 ወዲህ ነው። ስለዚህ 6.14 ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ ከሪያልቴክ ድረ ገጽ ድራይቨር አውርደህ በዲኬኤምኤስ (ድራይቨርን ለየከርነሉ ማሽኑ ላይ በሚገነባው) ከመታገል በጣም ይሻላል።

ኮማንዶቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትጽፋቸዋለህ።

መጀመሪያ የመመለሻውን መንገድ አዘጋጅ፣ መጫኑ ከዚያ ይምጣ። «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ስታተስ» በል፤ ሚረር ስለሆነ ሁለት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ከርነሉ የሚነሳበት የዲስክ ክፍል) ማሳየት አለበት። አንድ ብቻ ካሳየህ አንዱ ዲስክ አዲሱን ከርነል አያገኝም፣ ያንን ሳታስተካክል አትቀጥል። ቀጥሎ «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ከርነል ሊስት» በልና አሁን የሚሠራውን ስም ልክ እንዳለ ቅዳ፦ 6.8.12-9-ፒቪኢ። ከዚያ፦

«ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ከርነል ፒን 6.8.12-9-ፒቪኢ»

ይህ ማለት ምንም አዲስ ከርነል ቢጫን ማሽኑ የሚነሳው በ6.8 ነው። አሁን መጫን ትችላለህ፦

«አፕት አፕዴት»
«አፕት ኢንስቶል ፕሮክስሞክስ-ከርነል-6.14»

ይህ ሜታ ፓኬጅ ነው፤ ራሱ ከርነሉን አይዝም፣ የመጨረሻውን የ6.14 ግንባታ ይጎትታል። «ከርነል ሊስት»ን ስትደግመው ስሙ በ«ቢፒኦ12-ፒቪኢ» የሚያልቅ አዲስ ከርነል ታያለህ፤ ለዴቢያን 12 የተዘጋጀ መሆኑን ነው የሚናገረው። የዜድኤፍኤስ ሞጁል እዚያው ከርነል ፓኬጅ ውስጥ ተገንብቶ ስለሚመጣ ለሩት ፑልህ (ለሚረሩ ዲስኮች) የተለየ ነገር አትጭንም።

አሁን ለአንድ ጊዜ ብቻ አዲሱን ምረጥ፦

«ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ከርነል ፒን (የአዲሱ ሙሉ ስም) --ኔክስት-ቡት»

ከዚያ ሪቡት። ተነስቶ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ «ዩኔም -አር» 6.14 ይልሃል። የኔትወርኩ ነገር ተበላሽቶ ማሽኑን ካጣኸው ደግሞ ሰው ልከህ ፓወሩን አጥፍቶ ያብራው፤ ወደ 6.8 ይመለሳል።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ፦ የተለያየ ከርነል ያላቸው ኖዶች አንድ ክላስተር ውስጥ ይኖራሉ፣ ኖዶቹን የሚያገናኘው ኮሮሲንክ ስለ ከርነል ቁጥር ግድ የለውም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ላይቭ ማይግሬሽን (ቪኤምን ሳያጠፉ ከኖድ ወደ ኖድ ማዛወር) ነው። ከአሮጌው ከርነል ወደ አዲሱ መሄድ ይሠራል፤ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ግን ዋስትና የለህም። ቪኤሙ እዚያ ደርሶ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከኖድ ሦስት የሚመለሱትን ቪኤሞች አጥፍተህ አዛውራቸው፣ ወይም ለአንድ ሁለት ሳምንት የማያስፈሩህን ብቻ እዚያ አስቀምጥ። የአዲሱ ማሽን ሲፒዩ ከሌሎቹ ከተለየ የቪኤሞቹ ሲፒዩ ታይፕ «ሆስት» አይሁን፤ «ኤክስ86-64-ቪ2-ኤኢኤስ» አድርገው።

ኬብል_ቆጣሪ

የከርነል_ሰው በደንብ አስረድቷል። እኔ የምጨምረው የኔትወርክ ስም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ከርነል ሲቀየር ሰዎች ሰርቨራቸውን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ ከርነሉ አልነሳ ብሎ ሳይሆን ተነስቶ ኔትወርክ ስለሚያጣ ነው።

አዲስ ከርነል የካርዱን ተጨማሪ ችሎታ ሲያውቅ የኢንተርፌሱ ስም ሊለወጥ ይችላል። ወደ 6.8 በተሻገረበት ጊዜ አንዳንድ ካርዶች ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኤንፒ0» ተጨምሮላቸዋል። «ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» ውስጥ «ቪኤምቢአር0» (ቪኤሞቹን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ብሪጅ) ሥር የተጻፈው «ብሪጅ-ፖርትስ» አሮጌው ስም ስለሆነ ብሪጁ ፖርት የሌለው ባዶ ብሪጅ ሆኖ ይነሳል። ማሽኑ በሕይወት አለ፣ ሎጉ ንጹሕ ነው፣ አንተ ግን አትደርስበትም።

መድኃኒቱ ስሙን በማክ አድሬስ (በካርዱ መለያ ቁጥር) ማሰር ነው። «ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ኔትወርክ» ውስጥ «10-ኢኤንላን0» የሚባል፣ መጨረሻው «.ሊንክ» የሆነ ፋይል ፍጠር። ውስጡ ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ «ማች» በሚለው ክፍል «ማክአድሬስ=» ከካርዱ አድሬስ ጋር፣ እና «ታይፕ=ኢተር»፤ «ሊንክ» በሚለው ክፍል «ኔም=ኢኤንላን0»። «ታይፕ=ኢተር»ን አትዝለለው፤ ብሪጁ የፖርቱን ማክ ስለሚወርስ ያለሱ ደንቡ ብሪጁንም ሊይዘው ይችላል። ስሙ በ«ኢኤን» ወይም በ«ኢቲኤች» ይጀምር፣ ካልሆነ የፕሮክስሞክስ ገጽ እንደ ፊዚካል ካርድ አይቆጥረውም። ግን «ኢቲኤች0» ብለህ አትሰይም፣ ከርነሉ ራሱ ከሚሰጠው ስም ጋር ይጋጫል። ከዚያ፦

«አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል»

ይህ ኢኒትራምኤፍኤስን (ከርነሉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀምበትን ትንሽ ፋይል ሲስተም) ያድሳል። «-ኬ ኦል» ያልኩት ለ6.8ም ለ6.14ም እንዲሠራ ነው። አንዱ ብቻ ከታደሰ ስትመለስ ሌላ ስም ይገጥምሃል።

ለአንተ ጉዳይ የማደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በ6.14 ስትነሳ ብሪጁ ዩኤስቢ አዳፕተሩ ላይ እንዳለ ይቆይ። 8126 ታየ? «ዲኤምኤስጂ» (የከርነሉ ሎግ) ውስጥ አር8169 ያለ ስህተት ፈርምዌሩን ጫነ? ያንን ካየህ በኋላ ማኩን ወስደህ ሊንክ ፋይሉን ጻፍ፣ ብሪጁንም አዛውር። ሁለቱን ለውጥ በአንድ ሪቡት አትሥራ፤ ቢበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አታውቅም።

ሌላው አይኦኤምኤምዩ (ካርዶች ሜሞሪውን እንዴት እንደሚደርሱበት የሚቆጣጠረው) ነው። ከ6.8 ጀምሮ የኢንቴሉ በነባሪ በርቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኖድ ሦስት ላይ አዲስ ነገር አይሆንብህም፤ ከዚያ በታች ካለ ከርነል ለሚሻገር ሰው ግን አንዳንድ የቆዩ ሬይድ ካርዶች ሊያስቸግሩት ይችላሉ፣ ያኔ ከርነል ኮማንድ ላይኑ ላይ «ኢንቴል_አይኦኤምኤምዩ=ኦፍ» ይጨመራል። የኢንቪዲያ ቪጂፒዩ (ለቪኤሞች የሚከፋፈል ግራፊክስ ካርድ) ወይም ሌላ የዲኬኤምኤስ ሞጁል ያለው ደግሞ «ፕሮክስሞክስ-ሄደርስ-6.14»ን አብሮ ይጫን። ሄደር (ሞጁል ለመገንባት የሚያስፈልጉ የከርነል ፋይሎች) ከሌለ ሞጁሉ አይገነባም፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ካርዱ ግን አይሠራም። ሴኪዩር ቡት ከበራም የተገነባው ሞጁል ቁልፉ በ«ሞክዩቲል» ካልተመዘገበ አይጫንም።

ሌሊት_ተረኛ

ስለ «--ኔክስት-ቡት» አንድ ማስተካከያ፣ ማሽኑ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ይህን ማወቅ አለብህ። የአንድ ጊዜውን ፒን የሚያጠፋው «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ክሊንአፕ» የሚባል ሲስተምዲ ሰርቪስ ነው። ይህ ሰርቪስ የሚሮጠው ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ውድቀት አለ።

ከርነሉ ተነስቶ ኔትወርኩ ብቻ ከጠፋ ሰርቪሱ ሮጧል፣ ፒኑ ጠፍቷል፣ ፓወር አጥፍቶ ማብራት ወደ 6.8 ይመልሳል። የከርነል_ሰው ያለው እውነት ነው። ከርነሉ ገና መጀመሪያ ላይ ፓኒክ ካደረገ (በከባድ ስህተት ከቆመ) ወይም ሩት ፑሉን ማንሳት አቅቶት ኢኒትራምኤፍኤስ ላይ ከቆመ ግን ሰርቪሱ ጋ አልደረሰም። ፒኑ እዚያው ነው፤ አሥር ጊዜ ቢያጠፉትም በ6.14 ነው የሚሞክረው። «ፓኒክ=10» ኮማንድ ላይኑ ላይ ቢኖርም በየ10 ሰከንዱ ያንኑ ከርነል ነው የሚደጋግመው።

ያኔ መውጫው የቡት ሜኑው ብቻ ነው፦ ኪቦርድና ስክሪን ወይም አይፒኤምአይ (ማሽኑን ከሩቅ መቆጣጠሪያ)። ሜኑው የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ቀስቱን ቶሎ ተጭኖ ቆጠራውን ማስቆም፣ 6.8ን መምረጥ፣ ገብቶ «ከርነል አንፒን --ኔክስት-ቡት» ማለት። አይፒኤምአይ ከሌለው በመጀመሪያው ሪቡት ቀን ማሽኑ አጠገብ ሰው ይቁም።

አንድ ሌላ፦ «ዜድፑል አፕግሬድ» የሚል ማሳሰቢያ ብታይ፣ ወደ 6.8 መመለስ የማያስፈልግህ መሆኑን እስክታረጋግጥ አትንካው። ፑሉ ላይ የበራ አዲስ ፊቸር የቆየ ሞጁል ካላወቀው መመለሻህን ራስህ ዘጋህ ማለት ነው።

ኖድ_ሦስት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 6.14 ተነስቷል፣ 8126 ታይቷል። ስጭን ግን አንደኛው ፓርቲሽን ላይ ቦታ አልቋል የሚል ስህተት መጥቶ ነበር፤ ፓርቲሽኖቹ 512 ሜጋባይት ናቸው። «አፕት አውቶሪሙቭ» ብዬ አሮጌዎቹን ሳጠፋ አለፈ። ይህ ይመለሳል? የ6.8ቱንስ ፒን ልተወው?

የከርነል_ሰው

ቦታው ሊመለስ ይችላል። እያንዳንዱ ከርነል ከኢኒትራምኤፍኤሱ ጋር በብዙ ሜጋባይት ይቆጠራል፣ አሁን ደግሞ ሁለት ተከታታይ (6.8ን እና 6.14ን) ይዘሃል። ቡት-ቱሉ የሚሠራውን፣ ሁለቱን አዲሶች፣ ከነሱ በፊት የነበረውን ተከታታይ የመጨረሻ ግንባታና ፒን የተደረገውን ያስቀምጣል። ከእያንዳንዱ ከርነል አፕዴት በኋላ «አውቶሪሙቭ» ማለትን ልማድ አድርገው። ስህተቱ ከመጣ በኋላ ቦታ ስታስለቅቅ ደግሞ «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ሪፍሬሽ» በል፣ ሁለቱም ዲስኮች እኩል እንዲሆኑ።

ፒኑን ግን አትተወው። ፒን ያለበት ማሽን አዲስ ከርነል ይጫንለታል እንጂ አይነሳበትም፤ «አፕት» ሁሉ ነገር የታደሰ ነው ይልሃል፣ የሚሮጠው ግን የደኅንነት ቀዳዳው ያልተደፈነ የወራት ከርነል ነው። የምትተማመንበትን ያህል ጊዜ አይተኸው «ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ከርነል አንፒን» በል። ከዚያ በነባሪ የሚነሳው ከፍተኛው ቁጥር ስለሆነ 6.14 ይሆናል፣ የ6.14 አፕዴቶችም በሜታ ፓኬጁ በኩል ከተለመደው «አፕት ዲስት-አፕግሬድ» ጋር ይመጣሉ። «አፕት አፕግሬድ» ብቻ አትበል፣ ፕሮክስሞክስ ላይ አዲስ ጥገኛ ፓኬጅ የሚፈልገውን ይተዋል።

6.14ን ማስወገድ ከፈለግህ መጀመሪያ በ6.8 ተነሳ፣ ከዚያ ሜታ ፓኬጁን «አፕት ሪሙቭ» አድርግ፣ ቀጥሎ «አውቶሪሙቭ»። ሜታውን ብቻ ካስወገድህ ከርነሎቹ እዚያው ናቸው።

ወደ 9 ስትሻገርም አብሮ ይሄዳል፤ 9.0 ነባሪ ከርነሉ 6.14 ነው፣ 9.1 ደግሞ 6.17። ሌሎቹን ሁለት ኖዶች 8.4 ላይ እያሉ 6.14 መጫን ከፈለግህ አንድ በአንድ፣ አንዱ ተነስቶ «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» ሦስት ድምፅ እስኪያሳይህ ሁለተኛውን አትንካ። ከሦስት ሁለቱ አብረው ከጠፉ ኮረም (አብላጫ ድምፅ) የለህም፣ ኤችኤ (ኖድ ሲወድቅ ቪኤሞቹን በሌላ ኖድ የሚያስነሳው) ካለህ ደግሞ የቀረው ኖድ ራሱን ሪቡት ያደርጋል።